አማቴን ዴንቨር የምታደርስ መኪና

አማቴ እማማ አስካለ ከአውሮፕላን ጋር ተቀያይመዋል። ወደዚህ አገር ሲመጡ ውቅያኖሱ ላይ አውሮፕላኑ ክፉኛ ተንገጫገጨ፤ የያዙት ጭማቂ እላያቸው ላይ ተደፋ፤ አጠገባቸው የተቀመጠው የማያውቁት ሰውዬ ደግሞ ክንዳቸውን ጨምድዶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኤርፖርት ስንቀበላቸው አበባውን ከእጃችን ሳይቀበሉ፣ «ከእንግዲህ ወደ ሰማይ የምወጣው ጌታ ሲጠራኝ ነው። ያኔም ያለ ቀበቶ» አሉን። እማማ ጸሎተኛ ሴት ናቸው፤ ከአፋቸው የወጣ ቃል ወጣ ነው፤ አይመለስም።

ይህ ቃላቸው ለጥቂት ዓመታት ማንንም አልጎዳም። ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው በአውሮፕላን የሚኬድበት ጉዳይ እምብዛም የለም፤ ገበያውም ቸርቹም ዘመዱም በአውቶቡስ ይደረሳል። ጣጣው የመጣው የመጨረሻ ልጃቸው ትዕግሥት ከዴንቨር ደውላ መፀነሷን የነገረችን ዕለት ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው። እናቷ በሕይወት እያለች ብቻዋን ልትታረስ? አይሆንም። አውቶቡስ አልን፤ የእማማ ጉልበት ያን ያህል ጊዜ ታጥፎ መቀመጥ እምቢ አለ። ባቡር አልን፤ አንድ ጊዜ በሬድ ላይን የከተማ ባቡር ሊሄዱ ሲሉ ተንቀሳቃሹ ደረጃ የነጠላቸውን ጫፍ ስለነከሰባቸው፣ ባቡርም በማያውቀው ጥፋት ከአውሮፕላን ጎን ተፈርዶበታል። እማማ ማታ ማታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለትዕግሥት ሲጸልዩ እኔና ባለቤቴ ሰናይት በግድግዳው በኩል እንሰማለን። በጸሎታቸው መሐል «መንገድ ክፈትልኝ» የሚለው ሲደጋገም፣ መንገዱን መክፈት የኔ ሥራ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ስለ እኔና ስለ አማቴ ትንሽ ላውጋችሁ፤ ካላወጋሁ የኋላው አይገባችሁም። እማማ እኔን አንቱ ነው የሚሉኝ። እሳቸው ባደጉበት አካባቢ አማች እንግዳ ነው፤ ቢያረጅም እንግዳ ነው። ሳሎን ስገባ ይነሱልኛል። «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ» እላለሁ፤ «የለም፣ እርስዎ ይቀመጡ» ይላሉ። እንዲህ እየተባባልን ሁለታችንም ቆመን ዜና አይተን የምንጨርስበት ማታ አለ። እኔ ፊት አይጎርሱም። ከሁሉ የሚብሰው የመታጠቢያ ቤቱ ነገር ነው። አፓርታማችን ያለው አንድ መታጠቢያ ቤት ነው፤ እኔ ቤት ካለሁ እማማ ወደዚያ ዝር አይሉም። ወደ ሥራ ስወጣ፣ በሩ ከኋላዬ ሳይገጥም የእሳቸው እርምጃ ኮሪደሩ ላይ ይሰማኛል። ኦፍ በምሆንበት ቀን ለጤናቸው ስል ብድግ ብዬ ወጥቼ ብሎኩን እዞራለሁ። ጎረቤቶቼ ስፖርተኛ ነው ይሉኛል። አክብሮት እንደ ጋቢ ነው፤ በብርድ ጊዜ ደስ ይላል፣ ሙቀት ሲመጣ ግን ያልባል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሁ እማማን ከነመጸዳጃ ቤቱ አንድ መኪና ላይ ጭኜ አሜሪካን ላቋርጥ ማሰቤ የጤና አይደለም። ጥፋቱ የቪዲዮ ነው። የምሠራው ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ በዚያች ዙሪያዋ መስኮት በሆነች ክፍሌ ተቀምጬ አንድ ፂማም ሰውዬ አሮጌ ሞተርሆም እየገዛ ሲያድስ አያለሁ። ሞተርሆም ማለት ፊቱ አውቶቡስ፣ ጀርባው ስቱዲዮ አፓርታማ የሆነ ፍጥረት ነው፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጸዳጃ አለው። ፂማሙ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ አዲስ አትግዙ፤ ዕድሜ የጠገበ፣ ግን አጥንቱ ደህና የሆነ ፈልጋችሁ አድሱ። ይህን ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሳ ራሴን አዳሽ አድርጌ ቆጠርኩ።

ሰናይትን ሳማክራት፣ «አንተ እኮ አምፖል ለመቀየር ሜይንተናንስ ኮል የምታደርግ ሰው ነህ» አለችኝ። እሷ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው፤ ፈቃድ የምታገኘው ዘግይቶ ስለሆነ በኋላ በርራ ልትደርስብን ተስማማን። እማማ በበኩላቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ከመሬት ይነሳል?»

«አይነሳም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ይጸለይበትና እንየው» አሉ።

የመጀመሪያዋን ያየናት በርክ ነው፤ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተከረከመበት ጸጥ ያለ ሰፈር። መኪናዋ ነጭ ናት፣ ታበራለች፤ ውስጧ አዲስ የግድግዳ ወረቀት፣ አዲስ መጋረጃ፣ ትራሶቹ ሳይቀሩ ከረሜላ ይመስላሉ። እኔ በሩን እንደከፈትኩ ልቤ ሄደ። ፂማሙ ያስተማረኝን ሁሉ እዚያው ደጃፉ ላይ ረሳሁት። እማማ ሳይገቡ በፊት እጃቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ ጭነው ጸለዩ፤ ጸሎታቸው አጭር አይደለም። ሻጩ ትሑት ሰው ሆኖ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ አሜን ሲባል እሱም አሜን አለ። ከዚያ ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሊነሱ ሲሉ ግድግዳውን ደገፍ አደረጉ፤ እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለው ኮምፔርሳቶ ውኃ ጠጥቶ ጠጥቶ ገንፎ ሆኗል። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ ማለት ይኼ ነው። እማማ እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡና፣ «ሰውየው ሳያይ እንሂድ፤ አበላሸሁበት» አሉኝ ጆሮዬ ላይ። እኔም የሻጩን ማታለል የማጋለጥ መብት የነበረኝ ሰው፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ላንግሊ ፓርክ ነበረች፤ ከአፓርታማዎቹ ኋላ የቆመች፣ ደህና የተያዘች። ባለቤቷ ቀለም ቀቢ ነው፤ ሚስቱ ሽጣት ስላለችው ነው የሚሸጣት። እኛ አንድ ነገር ባደነቅን ቁጥር የሰውየው ዓይን እንባ ያቀርራል። ምድጃዋ ደህና ነው ስንል፣ የመጀመሪያ ልጁን ዓሣ ጠብሶ ያበላበትን ሐይቅ ያስታውሳል። መሪዋ ጥሩ ነው ስንል ጭራሽ ፊቱን ያዞራል። በመጨረሻ እማማ፣ «ይህ ሰው መኪና የሚሸጥ አይደለም፤ ልጁን የሚድር ነው። እንዳይሸጣት ይንገሩት» አሉኝ። ነገርኩት። እቅፍ አድርጎ ሳማቸው። እኛ ገዢዎቹ ሻጩን ከመሸጥ አስጥለን ባዶ እጃችንን ተመለስን።

የትዕግሥት ሆድ እየገፋ ነው፤ ክረምቱ እንደወጣ መውለዷ ነው። እኔ ደግሞ ኦፍ በሆንኩ ቁጥር አማቴን ይዤ የሰው መኪና አስባርካለሁ። ሰናይት ጥርጣሬዋን ትታ ማሾፍ ጀመረች፤ ማሾፍ ስትጀምር ነገሩ አበቃለት ማለት ነው።

ሦስተኛዋን ያገኘናት አሌክሳንድሪያ ነው። ባለቤቷ ሚስ ማርጋሬት የሚባሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ አሮጊት ናቸው፤ ባላቸው ሞተው፣ ከልጃቸው ጋር ለመኖር ቤቱን ሊለቁ ነው። መኪናዋ ከቤቱ ጎን ትልቅ ዛፍ ሥር ቆማለች። ቀለሟ የቆየ ቅቤ ይመስላል። የውስጥ ጌጧ ቡናማ አበባ ነው፤ መጋረጃውም አበባ፣ ወንበሩም አበባ፣ የመጸዳጃው በር ሳይቀር አበባ። አስቀያሚ ነበረች፤ ሌላ ቃል የለኝም። ግን አካሏ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ፋይበርግላስ ነው፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት። መጋጠሚያ የለውም። መጋጠሚያ ከሌለ ደግሞ ውኃ የሚገባበት የለም። ይህን ያልኩት እኔ ሳልሆን ፂማሙ ነው።

እማማ ጸለዩ። ሚስ ማርጋሬትም አብረው ጸለዩ፤ በእንግሊዝኛ፣ ከእማማም አስረዝመው። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ገቡና ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንዷ አማርኛ፣ አንዷ እንግሊዝኛ፤ ሁለቱም የሌላውን ቋንቋ አያውቁም፤ ወሬው ግን ደራ። እኔ በበርክ ያፈርኩበትን ልክስ ቆርጫለሁ። ግድግዳውን አንድ በአንድ አንኳኳሁ፤ በመሰላል ወጥቼ ጣሪያውን ዳበስኩ። የቀረው ሆዷ ነው። ፂማሙ ሆዷን ሳያዩ የሚገዙ ሰዎችን ክፉኛ ይንቃቸዋል። ባትሪ ይዤ፣ ካርቶን አንጥፌ፣ በጀርባዬ እየተንሸራተትኩ ሥሯ ገባሁ።

ዝገት የለም። ሻንሲው ደህና ነው። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ግን ከኋላ የሆነ ነገር ያዘኝ። የማርሚታው ማንጠልጠያ ብረት ሱሪዬን ከወገቤ በኩል በስቶ ገብቷል። ወደ ፊት ብል ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ብል ይበልጥ ይገባል፤ ዞሬ እንዳላላቅቀው ቦታው አያዞርም። ቀበቶዬን ፈትቼ ሱሪዬን ጥዬ መውጣት እችል ነበር። ከላዬ ግን አማቴ ተቀምጠዋል። ዜና ቆመው የሚያዩልኝ አማቴ።

መጮህም አፈርኩ። ምን ብዬ ልጩህ? ከላይ ሳቅ ይሰማኛል። እማማ እንዲህ እንደሚስቁ አላውቅም ነበር፤ ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን በጩኸት ስቀው አያውቁም፤ እኔ ስላለሁ ነው ለካ። ስለ ባሎቻቸው መሰለኝ የሚያወሩት፤ እማማ፣ «የኔውም እንዲሁ ነበር፤ መንገድ ከጠፋበት በኋላ እንኳ አይጠይቅም» ሲሉ ሰማሁ። ሚስ ማርጋሬት ምን ብለው እንደዚያ ተስማምተው እንዳሳቋቸው አንድዬ ይወቅ። መውጣት አቅቶኝ ተኝቼ፣ እዚያው ትንሽ ደስ አለኝ።

ደስታው ጀርባዬ እስኪቀዘቅዝ ነው። ስልኬን እንደምንም አውጥቼ ለሰናይት ኮል አደረግኩና በሹክሹክታ ያለሁበትን ነገርኳት። መጀመሪያ ድምፅ ጠፋ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ይዟት ነው። ቆይታ፣ «እማዬ ጋ ልደውል» አለችኝ። አይሆንም ከማለቴ ዘጋችው። ወዲያው የእማማ ስልክ ከራሴ በላይ ጠራ።

«እሳቸውማ እዚህ የሉም» አሉ እማማ ለልጃቸው። «እኔ እንዳልሳቀቅ ብለው ብሎኩን ሊዞሩ ወጥተው ይሆናል። ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚያደርጉልኝ።»

ያውቁ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ፣ በዝናብም በበረዶም፣ ለምን እንደምዞር ያውቁ ነበር።

ከዚያ ሰናይት አስረዳቻቸው መሰለኝ። የመኪናዋ በር ተከፈተ። የእማማ ጫማ በእኔ አቅጣጫ መጣና ቆመ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉኝ።

«ሻንሲውን እያየሁ ነው፣ እማማ።»

«አይተው አልጨረሱም?»

«ጨርሻለሁ። ሱሪዬ ይዞኝ ነው።»

እማማ ለሚስ ማርጋሬት በምልክት ነገሯቸው መሰለኝ፤ አሮጊቶቹ በራስጌዬ መጥተው አንድ አንድ ብብቴን ያዙ። ቀበቶዬን ፈታሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ? ጎተቱ። እኔ ወጣሁ፤ ሱሪው ቀረ። ዓይኔን ጨፍኜ መሬት ላይ ተኝቼ፣ ያ ዛፍ ቢወድቅብኝ በወደድኩ። አንድ ለስላሳ ነገር ወረደብኝ፤ የእማማ ነጠላ ነው። ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረዋል።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን አገልድምና ተነሳ። መሬቱ ይበርድሃል» አሉ።

አንተ። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ከእማማ አፍ ያልሰማሁት ቃል። ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ስነሳ ዞር አሉና፣ ነጠላ ያገለደመ፣ ፊቱ የማርሚታ ጥላሸት የሆነ አማቻቸውን አይተው ሳቁ። ከላይ የሰማሁትን ሳቅ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ሲጣላ ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ የእኔን ድግስ ሱሪዬን አስወልቆ አቀረበልኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ነጠላቸውን እንዳገለደምኩ እየነዳሁ፣ ስለ መኪናዋ ምን እንዳሰቡ ጠየቅኋቸው።

«እሷ ትሆናለች» አሉ። «ሁለት ሴት ያን ያህል ጎትተን፣ ሱሪ እየተቀደደ፣ ንቅንቅ አላለችም።»

እንዲህ ነው የመረጥናት። እኔ በበኩሌ የትኛውም ገዢ የእኔን ያህል ረጅም ጊዜ ሆዷን ተኝቶ አይቷት እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ።

ስናመጣት የቸርቻችን ሽማግሌዎች ከፓርኪንጉ አንድ ጥግ ፈቀዱልን። ክረምቱን እዚያ አደስናት። አደስናት ስል፣ ፍሬኑንና ጎማውን መካኒክ ሠራ፤ የጋዝ መስመሩንም የሚያውቅ ሰው ፈተሸ። የቀረውን እኔ ሠራሁት፤ ያስታውቃልም። ቧንቧው ሙቅ ሲከፍቱት ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛ ሲከፍቱት ምንም። አንዱን ቁም ሣጥን ገልብጬ ስለገጠምኩት ሲከፈት ዕቃው በሙሉ ይወርዳል። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንድሞች ተሰብስበው ምክር ይለግሱኛል፤ መዶሻ የሚያነሳ ግን የለም። እማማ መጋረጃዎቹን ቀይረው ሰፉ፤ የግድግዳውን ቡናማ አበባ ግን አላስነካ አሉኝ። የሚስ ማርጋሬት ነዋ።

አንድ ነገር እምቢ አለኝ፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር። ቁልፉን ሦስት ዓይነት ባደርግለት አልይዝ አለ። ፈራ ተባ እያልኩ ለእማማ ነገርኳቸው። አላሳሰባቸውም። «እዘምራለሁ» አሉኝ። «መዝሙር ከተሰማ ሰው አለ ማለት ነው። አንተም ዘምር።» እንግዲህ ይህን ዕድሜዬን ይዤ፣ ሙሉ ግጥሙን የማውቀው መዝሙር ስለሌለኝ፣ ለመንገድ ብዬ መዝሙር ማጥናት ያዝኩ።

ያጠራቀምኩትን ቫኬሽን ወስጄ ተነሳን። እማማ ከፊት፣ ከጎኔ። ቀበቶ አስረዋል። መንገዱን ሁሉ አወጉኝ፤ የሰናይትን የልጅነት ተንኮል፣ የሟች ባላቸውን ግትርነት፣ እኔ ልጃቸውን ልጠይቅ ሽማግሌ ስልክ ስለ እኔ የሰጡትን ስድብ አከል አስተያየት ሳይቀር። እየጎረሱ ነው የሚያወጉኝ፤ እያጎረሱኝም። ዳገት ላይ መኪናዋ ስታቃስት ዳሽቦርዷን ይመቱላታል፤ «በርቺ» ይሏታል። ከኋላችን የመኪና ሰልፍ ይረዝማል። ሰው ሁሉ ይቀድመናል። አንድ የእርሻ ትራክተር ብቻ ቀደምን፤ እሱም ወደ ማሳው ሊታጠፍ አዘግሞልን ነው።

ካንሳስ ውስጥ፣ ግራ ቀኙ ስንዴ ብቻ የሆነ አንድ የመንገደኛ ማረፊያ ላይ ቆመን ሳለ የእማማ ስልክ ጠራ። የትዕግሥት ባል ነው። ምጡ ቀድሞ መጥቷል። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

እልል ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እማማ ስልኩን ዘግተው የስንዴውን ማሳ አዩ።

«አልደረስኩላትም» አሉ።

በአውሮፕላን ቢሆን ደርሰው ነበር፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ማናችንም አላነሳነውም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ብይዝ ነውር ይሆን ብዬ አመነታሁና ያዝኩት። አልነጠቁኝም። ቆይተው በዚያው በያዝኩት እጅ እኔን ተደግፈው ተነሱና ምድጃውን ለኩስልኝ አሉ። ለአራስ ቤት የያዙትን የገብስ ዱቄት አወጡ። ልጅቷ ካልጠበቀችን ገንፎውም እስክንደርስ አይጠብቅም ብለው ውኃ ጣዱ። ዱቄቱን እሳቸው ሲጨምሩ እኔ አማሰልኩ፤ ያ የተገለበጠ ቁም ሣጥን ሲከፈት ሳህኑ ሁሉ ወለሉ ላይ ወረደ፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ተረፈ።

እማማ ደጁ ላይ ቆመው ያን ጊዜ እልል አሉ። ማረፊያው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮችና፣ እንደ ሕንፃ የገዘፈ አዲስ ሞተርሆም ያላቸው ሽማግሌ ባልና ሚስት ምን ሆናችሁ ብለው መጡ። የልጅ ልጅ ተወልዳልን ነው አልኳቸው። እማማ አንዳቸውንም ሳያቀምሱ አልለቀቁም። አንደኛው ሾፌር ቅቤውና በርበሬው ከተቀመጠበት መሐል በማንኪያ ዛቀና ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ግን ደገመ።

ሽማግሌው ሳህኑን እንደያዘ የኛን መኪና ዞሮ ዞሮ አየ። ግድግዳዋን በጣቱ አንኳኳ። ራሱን እየነቀነቀ የሆነ ነገር ተናገረ። እማማ ያን ጊዜ ከዴንቨር የተላከላቸውን የሕፃኗን ፎቶ ስልካቸው ላይ እያቀረቡ እያራቁ ሲያዩ ነበርና፣ ቀና ብለው ሰውየው ምን እንዳለ ጠየቁኝ።

«ጥሩ ሆና የተሠራች ናት ነው የሚለው» አልኳቸው።

እማማ ፎቶውን መልሰው አዩ።

«ጌታ ነዋ የሠራት» አሉ። «አፍንጫዋ ብቻ ነው የአባቷ።»

ይህን ለሽማግሌው ተርጉምለት አሉኝ። እኔም ተረጎምኩለት።